ስለ ጓሮ ጎመን አተካከልና ዘር አያያዝ

በመስከረም ወር ዝናሙ አባርቶ እሸት ሲቃረብ፣ በብዙው የደጋና የወይና ደጋ አገር ባለቤቲቱ «የጎመን ምንቸት ውጣ፤ የገንፎ ምንቸት ግባ» ትላለች። ይህ ቃል ለጨዋታ ብቻ የሚነገር አይደለም። ያለፈው መኸር እህል ከጎተራው ካለቀ በኋላ፣ አዲሱም ገና በማሳው ላይ ሳለ፣ ቤተ ሰቡን ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ያሻገረው በምንቸት የተቀቀለው ጎመን መሆኑን የሚመሰክር ቃል ነው። ምንቸቱ እንዲወጣ የሚታዘዘውም ሦስት ወር ያህል ሳያቋርጥ ስላገለገለና በመጨረሻ ስለ ሰለቸ ነው።

በወረዳ አስተዳደር የሠራ ሰው ሁሉ እነዚህን ወራት ያውቃቸዋል። የርዳታ አቤቱታ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙም ሙላት ስለሚሆን፣ እህል ከሌላ አገር አስጭኖ ማድረስ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ በነሐሴ ለሚያስፈልገው ነገር በነሐሴ መነሣት ዘግይቶ መነሣት ነው። ሁሉን ባይሆንም ከሚያስፈልገው አንዱን ክፍል እያንዳንዱ ቤት ከጓሮው ሊያገኘው ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ዘሩ በሚያዝያ ሲዘራ ነው። አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለ መሬቶች ስለ ጓሮ ጎመን አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባቸው ዋናው ምክንያት ይህ የጊዜ ነገር ነው።

ጎመን ሲባል ብዙ ዐይነት አለ። እዚህ የሚነገርለት በአማርኛ የሐበሻ ጎመን ወይም የጉራጌ ጎመን፣ ዘሩም ጎመን ዘር የሚባለው፣ በኦሮምኛ ራፉ፣ በትግርኛ ሓምሊ የሚሉት ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ብራሲካ ካሪናታ ብለው ሰይመውታል። ትውልዱን የመረመሩት ሰዎች እንዳስረዱት፣ ይህ ተክል በጥንት ዘመን ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን በተፈጥሮ ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ናጋሃሩ ዩ የተባለው በጃፓን የሠራ ሊቅ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የእነዚህን ተክሎች ዝምድና ገልጦታል። ሰናፍጭ በየሕዋሱ 16 ክሮሞሶም አለው፤ ጥቅል ጎመን 18 አለው፤ የሐበሻ ጎመንም የሁለቱን ድምር 34 ይዞ ይገኛል። ቅጠሉን ጥሬውን የቀመሰ ሰው በምላሱ ላይ የሚሰማው ጥቂት መፋጀት ከሰናፍጩ ወገን የወረሰው ነው።

ለዚህ ተክል በሩቅ አገር የሥጋ ዘመድ አለው፤ እርሱን ማወቅ ስለሚጠቅም በአጭሩ እንናገር ዘንድ ይገባል። በእንግሊዝ አገር ባለ ጓሮዎች ብሮኮሊ የሚባለውን የጎመን ወገን ይተክላሉ። ስሙ ጣልያንኛ ነው፤ ትንንሽ ቀንበጥ ማለት ነው። ከብሮኮሊም ወገን አንዱ ቀንበጡ ሐምራዊ የሆነው ነው። ይህን በሚያዝያና በግንቦት ይዘሩታል፤ በሰኔና በሐምሌ አዛውረው ይተክሉታል፤ ክረምቱን በበረዶ ውስጥ ቆሞ ያሳልፋል፤ ከዚያም በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ሐምራዊ የአበባ ቀንበጡን ያወጣል። ያ ጊዜ ለእንግሊዞች የክረምቱ አትክልት አልቆ የበጋው ገና ያልደረሰበት ነው፤ እነርሱም የተራበው ክፍተት የሚል ስም ሰጥተውታል። በመካከል የሚወጣው ቀንበጥ አስቀድሞ ሲቆረጥ ከጎንና ከጎን ብዙ ቀንበጥ ስለሚያወጣ፣ አንዱ እግር ሳምንታት ሙሉ ይለቀማል። እንግዲህ በሁለቱ አገር የተክሉ አገልግሎት አንድ ዐይነት መሆኑን አስተዋይ ያስተውለዋል፤ ጎተራና ጓሮ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ይደርሳል።

አልፎ አልፎ ከውጭ አገር የመጣ ዘር አስገብተው ለሕዝብ ማከፋፈል የሚወዱ ባለ ሥልጣኖች ስላሉ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ሐምራዊው ብሮኮሊ አበባውን እንዲያወጣ ብዙ ሳምንት የሚቆይ ብርድ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ስለሚሞቅ፣ ይህ ዐይነት ቅጠል ብቻ እያበዛ ቆሞ ባለቤቱን ሊያሳዝነው ይችላል። በአዲስ አበባ ገበያ የሚሸጠው ብሮኮሊ ራሱ አረንጓዴና ድፍን የሆነው ሌላው ዐይነት ነው፤ እርሱም ውሃ፣ ፍግና ተባይ መከላከያ አብዝቶ ስለሚሻ ለሆቴልና ለከተማ ገበያ ለሚሠራ አትክልተኛ እንጂ ለክረምቱ ችግር መድኃኒት አይሆንም። በኢትዮጵያ የብሮኮሊውን ሥራ የሚሠራው የሐበሻ ጎመን ነው፤ የአበባ ቀንበጡም ሳይፈነዳ ቢሰበር እንደ ብሮኮሊው ይበላል።

አሁን ወደ ጊዜው እንመለስ። በብዙ ስፍራ የሚታየው ልማድ የጎመኑን ዘር ከሰኔ ዝናም ጋራ መበተን ነው። ይህ ልማድ በሁለት ነገር ይጐዳል። በመጀመሪያ፣ በሰኔ የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እርሻው ስለሚወጣ ጓሮው አራሚ ያጣል። ሁለተኛም፣ በሰኔ አጋማሽ የተዘራ ጎመን ለመለቀም የሚደርሰው በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ የችግሩ ወራት ግን በዚያን ጊዜ ወደ ማለቁ ነው። ስለዚህ ዘሩ ከሚያዝያ 10 እስከ ሚያዝያ 25 ባለው ጊዜ በመደብ ላይ ይዘራ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ይኸውም በግንቦት ሁለተኛ እኩሌታ፣ ችግኙ ይዛወራል። ከተዛወረ ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግሞ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መባቻ፣ የመጀመሪያው ቅጠል ይለቀማል። በብርዳም ደጋ አንድ ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ይጨመርበት።

በልግ የማይዘንብበት አገር ሰው «በሚያዝያ ውሃ ከየት ይመጣል» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ለአንድ ቤት የሚበቃው ችግኝ የሚበቅልበት መደብ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ነው፤ ይህን ለማጠጣት ዕቃ የታጠበበትና እጅ የተለቀለቀበት ውሃ፣ ሳሙና ካልበዛበት፣ ይበቃል። ዝናም የሚያስፈልገው ከማዛወሩ በኋላ ነው፤ በዚያም ጊዜ በብዙው አገር ዝናሙ ጀምሯል። ግንቦትም ደርሶ ሰማዩ ቢዘገይ፣ ችግኙን በመደቡ ላይ ሁለት ሳምንት ማቆየት ዘሩን ከማጣት ይሻላል።

የመደቡ አሠራር እንዲህ ነው። ዐፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ይለስልስ፤ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበት፤ ከምድሩም አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል። በእንጨት ጫፍ ጣት የማይሞላ ቀጭን መስመር እየተሠመረ ዘሩ ሳሳ ተደርጎ ይዘራ። የጎመን ዘር ትንሽ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እፍኝ ሙሉ በትኖ ያባክነዋል፤ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ወይም ከአመድ ጋራ ቀላቅሎ መዝራት እጁን ይገታለታል። ከላይ የጣት ውፍረት የማይሞላ ዐፈር ይልበስና ሣር ይጎዝጎዝበት። ከአራት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ሲበቅል ሣሩ ወዲያውኑ ይነሣ፤ ቢዘገይ ቡቃያው ቀጥኖ ይወድቃል። ዶሮ የመደቡ ዋና ጠላት ስለ ሆነች ዙሪያው በእሾኽ ይታጠር።

ስለ ምድሩ ጥቂት ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ጎመን ሊኖርበት የሚወደው ከቤቱ ጥግ፣ አመድና ጥራጊ የሚደፋበት፣ ጥጃ የሚታሰርበት ስፍራ ነው። በጉራጌ አገር ጎመኑ ከእንሰቱ ጋራ በቤት ዙሪያ ፍግ በጠገበው ምድር ላይ እየተተከለ ከቆጮው ጋራ ለዘመናት ማዕድ ሲሞላ መኖሩ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ቅጠሉ የሚበላ ተክል ሁሉ ከዐፈር አብዝቶ የሚወስደው ናይትሮጅን የሚባለውን ነው፤ ፍጉም የሚሰጠው ይህን ነው። ዛሬ ግን እንጨት በጠፋበት አገር እበቱ ሁሉ ኩበት እየሆነ ይነዳል። በእሳት ጊዜ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋራ ይሄዳል፤ በአመዱ የሚቀረው ፖታሽና ሌላው ነው። እንግዲህ አመዱን ወደ ጓሮ መመለስ መልካም ቢሆንም የነደደውን እበት አይተካውም። እበቱ ሁሉ አይነደድ ብሎ ማዘዝ ማገዶ ለሌለው ሰው ከንቱ ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን የጥጃውና የበጉ፣ የዶሮውም ፍግ ለማገዶ ስለማይመች ለጓሮው ይተው፤ የቤቱ ጥራጊና የአረሙ ቅጠል ከእርሱ ጋራ በጉድጓድ ይከማች፤ ከሦስት ወር በኋላ ጥቁርና ፍርክስክስ ሲል ያገለግላል። ማገዶ የሚሆን ዛፍ በየድንበሩ እንዲተከል የሚያደርግ ሹም ሳያውቀው የጎመን አባት መሆኑን ልብ ይበል።

ጥቁሩና ውሃ የሚያቁረው የዋልካ ምድር ለጎመን በክረምት ክፉ ነው። ሥሩ በውሃ ውስጥ ሲቆይ ቅጠሉ ይቢጫል፤ ከዚያም ሐምራዊ ሆኖ ይኮማተራል፤ ባለቤቱም በሽታ ገባበት ይላል። መድኃኒቱ መደብን ከፍ ማድረግ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ማሳቸውን በእጅ እየሠሩ ሰፋፊ መደብና ቦይ ስለሚያወጡበት፣ ሌላው የዋልካ አገር በክረምት በሚያቁርበት ጊዜ እህላቸው ቀድሞ ይቆማል። ይህንኑ ጥበብ በትንሹ ወደ ጓሮ ማምጣት ነው። የመደቡ ስፋት አንድ ሜትር፣ ከፍታው አንድ ስንዝር፣ የቦዩም ጫፍ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ የተከፈተ ይሁን።

ችግኙ አራት ወይም አምስት ቅጠል አውጥቶ አንድ ስንዝር ሲሞላ ይዛወራል። ከመነቀሉ በፊት መደቡ በደንብ ይጠጣ። ተከላው በደመናማ ቀን ወይም ከዐሥር ሰዓት በኋላ ይሁን። በመስመር ውስጥ ከእግር እስከ እግር 30 ሳንቲም፣ ከመስመር እስከ መስመር 40 ሳንቲም ቢሆን፣ አንድ መቶ እግር ጎመን ሦስት ሜትር በአራት ሜትር በሆነ ምድር ላይ ይቆማል። ይህ ከአንድ የእህል አውድማ እጅግ ያነሰ ስፍራ ነው። ሰፊ መሬት ያለው ሰው ይህን ያህል መሬት ለጎመን መስጠት ያሳፍረዋል ተብሎ አይታሰብም፤ ሆኖም ብዙ ባለ ሰፊ መሬት ጎመኑን ከገበያ ሲገዛ ይታያል።

የአለቃቀሙ ነገር ከተከላው ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ጥሩ ጎመን የሚጠፋው በአለቃቀም ነውና። ቅጠል ለተክሉ ማብሰያው ነው፤ ከፀሓይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጀው በእርሱ ነው። ስለዚህ ከአንድ እግር በአንድ ጊዜ ከታች ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ቅጠሎች ብቻ ይለቀሙ፤ ከላይ ቢያንስ አምስት ለጋ ቅጠል ይቅር። ቅጠሉም ወደ ታችና ወደ ጎን ተጫን ተደርጎ ከነዘንጉ ይሰበር እንጂ ወደ ታች አይገፈፍ፤ ልጡ ከተላጠ ቁስሉ መበስበስን ይጋብዛል። በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲህ ቢለቀም፣ ከመቶው እግር ከሁለት መቶ ቅጠል በላይ ይገኛል፤ ይህም ለአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ቀን ወጥ ነው። ችግር ሲጠና ግን ሰው ተክሉን ሙልጭ አድርጎ ይለቅመዋል፤ ያን ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም አያገኝም። መቶውን እግር በሦስት ከፍሎ፣ አንዱን በሰኞ፣ አንዱን በረቡዕ፣ አንዱን በዓርብ መልቀም ይህን ፈተና ያቃልላል። ከየለቀማው በኋላ ዐፈሩ ይኮትኮት፤ በወር አንድ ጊዜም ጥቂት የበሰበሰ ፍግ በእግሩ ይደረግለት።

ተክሉ አበባ ሊያወጣ ሲል መካከለኛው ዘንግ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ቅጠሉም ይጠብባል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ነቅለው ለከብት ይሰጡታል። ይልቁንም ጫፉ አንድ ስንዝር ያህል፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ፣ በቢላዋ ይቆረጥ። የተቆረጠው ቀንበጥ ለስላሳ ስለ ሆነ ከቅጠሉ ቀድሞ ይበስላል። ከየቅጠሉ ብብትም አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፤ እርሱም በተራው ይቆረጣል። ስለ እንግሊዙ ብሮኮሊ የተነገረው የመቁረጥ ሥርዓት በዚህ ላይ እንዳለ ይሠራል። በዚህ መንገድ የጎመኑ ዘመን በሦስትና በአራት ሳምንት ይረዝማል።

ስለ ተባይ ብዙ አይነገርም። በክረምት ዝናሙ ራሱ ክሽክሹን ያጥበዋል፤ በበጋ ሲበዛ ቅጠሉን ገልብጦ በጣት መጨፍለቅ፣ የሳሙና ውሃ መርጨት፣ እጅግ የተወረረውንም ቅጠል ቀንጥሶ ማቃጠል ነው። ቅጠሉን ወንፊት የምታስመስለው ትንሿ አረንጓዴ ትል በማለዳ ትለቀማለች። ችግኝ በሌሊት ከእግሩ ተቆርጦ ሲገኝ ቆራጩ ትል በዚያው ስር ሁለት ጣት ያህል ዐፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። የእርሻ መርዝ ግን በየሳምንቱ በሚለቀም ጎመን ላይ ሊረጭ አይገባም፤ መርዙ ሳይለቅ ቅጠሉ ወደ ምንቸት ይገባልና። ጎመን በተነቀለበት ስፍራ ጎመንም ጥቅል ጎመንም ሳይደገም ሦስት ዓመት ያህል ባቄላ፣ ሽንኩርት ወይም ድንች ቢፈራረቅበት በሽታው ይቀንሳል።

ሹማምንት ስለ ጎመን ሲናገሩ ከሁለት ስሕተት ይጠበቁ። አንደኛው ጎመን እህልን ይተካል ማለት ነው። አይተካም፤ የሠራተኛን ጉልበት የሚሸከመው እህል፣ ቆጮና ድንች ነው፤ እህል የጨረሰ ቤትም ጎመን ስላለው ብቻ ከርዳታ መዝገብ ሊሰረዝ አይገባውም። ሁለተኛው ደግሞ ጎመንን የድኻ መብል ብሎ መናቅ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለ፤ ይህ ሲጐድል ልጆች በማታ ማየት ይሳናቸዋል፤ ዳፍንት የሚባለውም ይህ ነው። ቫይታሚን ሲ፣ ካልሲየምና ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገው ፎሊክ አሲድም ይገኝበታል። ይህን ጥቅም ለማግኘት ቅጠሉ ከመከተፉ በፊት ይታጠብ፤ በጥቂት ውሃ ለጥቂት ጊዜ ይብሰል፤ ውሃውም አይደፋ። ጥቂት ዘይት ወይም በፍስክ ቀን ቅቤ ቢገባበት ሰውነት ቫይታሚን ኤውን አብዝቶ ይቀበላል። የፍልሰታ ጾም በነሐሴ መባቻ፣ በዚሁ በችግሩ ወራት መካከል ስለሚውል፣ በዚያ ሰሞን ጎመኑ በየቤቱ መገኘቱ የተለየ ዋጋ አለው።

ከሁሉ ይልቅ ዐይን ሊጣልበት የሚገባው የዘሩ ነገር ነው። በብዙ ጓሮ የሚደረገው እንዲህ ነው። ከተተከሉት እግሮች መካከል ጥቂቶቹ ከሌሎቹ ቀድመው፣ ገና በሐምሌ፣ አበባ ያወጣሉ። ቅጠላቸው ስለማይረባ ባለቤቲቱ ትታቸዋለች፤ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን መልካሞቹን ግን እስከ መጨረሻው ለቅማ ትጨርሳቸዋለች። የተተዉት ዘር ስለሚያፈሩ ለከርሞ የሚቀመጠው የእነርሱ ዘር ይሆናል። በሚመጣው ዓመት ቀድመው የሚያብቡት ይበዛሉ፤ ከዚያም በሚቀጥለው እንዲሁ። ሕዝቡም ጎመኑ ከዘመኑ ጋራ ከፋ ይላል። ዘመኑ አልከፋም፤ የከፋው ለዘር የሚቀረው እግር አመራረጥ ነው። ጥሩ በሬ አርዶ ሽባውን ለዘር የሚያስቀር ገበሬ የለም፤ በጎመን ላይ ግን ይህ በየዓመቱ ሲደረግ ይታያል።

መታረሚያው ብዙ ወጪ የለበትም። በሐምሌ መጀመሪያ፣ ጎመኑ ሁሉ በደህና ሲቆም፣ ባለቤቲቱ ከመቶው ሃያ እግር ትምረጥ። ቅጠላቸው ሰፊ፣ ቁመናቸው ጠንካራ፣ ተባይ ያልበዛባቸው፣ ከሁሉም በላይ አበባ ለማውጣት የዘገዩ ይሁኑ። በቀይ ክር ወይም በእራፊ ይታሰሩና ከእነርሱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይለቀም። ቀድመው ያበቡት ሌሎች እግሮች አበባቸው ሳይፈነዳ ይነቀሉ። የሐበሻ ጎመን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም፣ ንብ ከጎረቤት እግር የምታመጣው ዱቄት ቀላል ስላልሆነ ይህ መንቀል አይታለፍ። ከሃያም እንዳያንስ የተባለው፣ ዘሩ ሁሉ ከአንድና ከሁለት እናት ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ ለአንዱ ዓመት በሽታ ሁሉም ባንድ ላይ እንዳይወድቅ ነው።

የፍሬው ከረጢት ቢጫ ሲሆንና ውስጡ ያለው ዘር ሲጠቁር ወይም ሲቢጭ፣ እንደ ዐይነቱ ነው፣ በጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ይታጨድ። በጥላ ለአንድ ሳምንት ተሰቅሎ ይድረቅ፤ በሸማ ላይ ይወቃ፤ ይንፈስ። ከዚያም ለሁለት ቀን ያህል በለዘብታ ፀሓይ ደርቆ በቅል ይቀመጥ፤ የቅሉም አፍ በጭቃ ወይም በሰም ይደፈን። ምድጃ አጠገብ መስቀል ከነቀዝና ከእርጥበት ያድናል፤ ሙቀቱ ግን ዘሩን እንዳይገድል ከእሳቱ ራቅ ይበል።

አሁን ለአስተዳዳሪዎች የሚሆን አንድ ስሌት አለ። አንድ ሺህ የጎመን ዘር ከሦስት እስከ አራት ግራም ይመዝናል። ስለዚህ አንድ የቡና ሲኒ ዘር ዐሥር ሺህ ያህል ፍሬ ነው። እኩሌታው ቢጠፋ እንኳ አምስት ሺህ ችግኝ ይወጣል፤ በየቤቱ መቶ መቶ እግር ቢደርስ ሃምሳ ቤት ማለት ነው። ለአንድ ቀበሌ የሚበቃው ዘር በአንድ ሰው ኪስ ይገባል። ለወረዳ ከሚላከው ነገር ሁሉ ይህን ያህል የሚቀል፣ ይህንም ያህል በትንሽ ዋጋ የሚገኝ የለም፤ የሚያስፈልገው በጊዜው መድረሱ ብቻ ነው።

ዘሩን ከሩቅ ማስመጣትም አያስፈልግም። በእያንዳንዱ አገር ጎመናቸው የሚመሰገን ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች አይታጡም፤ ገበያተኛው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሹሙ ዘሩን ከእነርሱ በተገቢ ዋጋ ይግዛ፤ በየቀበሌውም ለማስተማር እነርሱን ይጋብዝ። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ዞሮ የእህልና የአትክልት ዘር የሰበሰበው፣ ይህች አገር የብዙ ሰብል መገኛ መሆንዋን ስለ ተረዳ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ማኅደርም የየአገሩን ዘር ለትውልድ ለማቆየት የታሰበ ነው። ማኅደሩ ግን የጓሮውን ሥራ አይተካም፤ በየዓመቱ የሚዘራው፣ የሚመረጠውና ከአየሩ ጋራ የሚላመደው ዘር በሴቶቹ ቅል ያለው ነው። የሌላው ዓለም ሰዎችስ ይህን ዘር እንዴት እንደሚመለከቱት ለማወቅ የሚወድ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በካናዳ ከጎመን ዘር ዘይት ብቻ በተሠራ ነዳጅ አንድ ጄት አውሮፕላን መብረሩን ያስብ። በኢትዮጵያ የዘሩ ዱቄት ከጥንት ጀምሮ ለምጣድ ማሰሻ ሲያገለግል ኖሯል። ዘይቱ ኤሩሲክ አሲድ የሚባል ነገር ስለሚበዛበት ለወጥ አዘውትሮ መጠቀም አይመከርም፤ ስለ ቅጠሉ ግን ይህ ስጋት የለም።

በዚህ ሥራ ላይ አንድ ልማድ እንዲቀር ያስፈልጋል። በአንዳንድ ስፍራ የጓሮ አትክልት የሚታየው በመሥሪያ ቤት ደጅና በመኪና መንገድ ዳር ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ ይጠጣል፤ ጎብኚው ሲሄድ ይደርቃል፤ በወረቀት ላይ ግን ይህን ያህል ሄክታር ተብሎ ይጻፋል። የጎመን ሥራ በሄክታር አይቈጠርም። ሹሙ መልካሙን ሊያውቅ የወደደ እንደ ሆነ፣ በነሐሴ አጋማሽ ከመንገድ ርቀው ከሚገኙት መንደሮች ወደ ዐሥሩ ቤት ጓሮ ገብቶ፣ በቀይ ክር የታሰሩ የዘር እግሮች ያሉባቸውን ይቍጠር።

ዘር ከማከፋፈሉ በፊትም ሕያው መሆኑ ይፈተን። ከየቅሉ ሃምሳ ፍሬ ተቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሙቅ ስፍራ ይቀመጥ፤ ጨርቁም እንዳይደርቅ በየቀኑ ይረስርስ። በሰባተኛው ቀን ሲከፈት አርባና ከዚያ በላይ የበቀለ እንደ ሆነ ዘሩ መልካም ነው። ሃያ አምስት ያህል ከበቀለ መጠኑ እጥፍ ተደርጎ ይዘራ። ከዚያ ካነሰ ለምጣድ ማሰሻ ይሁን። ይህ ፈተና በመጋቢት መባቻ የተደረገ እንደ ሆነ፣ ዘሩ ሞቶ ቢገኝ እንኳ እስከ ሚያዝያ 10 ድረስ ከሌላ ቤት ለመፈለግ ከአንድ ወር በላይ ጊዜ ይቀራል።